ነገረ መቀስ

መቀስ ሲፈለግ የሚጠፋ፣ ሳይፈለግ ከትራስ ሥር የሚገኝ ዕቃ እንደ መሆኑ፣ ሊቃውንቱ ስለ ነገረ ሰማያት ሲያትቱ እርሱን አልፈውት መሄዳቸው ከንቀት ሳይሆን፣ ለመጻፍ በተቀመጡበት ሰዓት ባለማግኘታቸው ይመስለናል። ይህ ጸሓፊ ግን ዛሬ ጧት ባልታሰበ ቸርነት አንዱን ከስኳር ዕቃው ውስጥ ስላገኘው፣ ተመልሶ ሳይሰወር ጥቂት ሊያትት ወደደ።

በቅድሚያ ስሙ። ዐረቦች ቆረጠ ለማለት «ቀሰ»፣ መቁረጫውን «ሚቀስ» ይላሉና የቃሉ አባት ከባሕር ማዶ ነው። ግዕዝ ከጠብሐ መጥባሕትን፣ ከነበረ መንበርን ሲያወጣ «መ»ን በግንባሩ ላይ እንደሚያትም ሁሉ፣ ይህም እንግዳ ማኅተሙን በግንባሩ ይዞ ስለ መጣ፣ ዘርህ ከወዴት ነው ብሎ የጠየቀው አልተገኘም። ነገር ግን በልጅነታችን መቀስ ይዘን ስንሮጥ እናቶቻችን «ቀስ! ቀስ በል!» እያሉ ይጮኹብን ስለ ነበር፣ ስሙ የወጣው ከዚሁ ተግሣጽ ነው ብለን አምነን ያደግን ጥቂቶች አይደለንም። ይህ ትርጓሜ በሰዋስው ሐሰት ቢሆንም በምግባር እውነት መሆኑን ወደ ታች እናሳያለን።

የቃሉ ነውር ግስ አለመውለዱ ነው። መጥረጊያ ይጠርጋል፣ መጥረቢያ ይጠርባል፤ መቀስ ግን አይመቅስም። ስለዚህ ከጎረቤት ግስ እየለመነ ያድራል፦ በጠጉር ቤት ያስተካክላል፣ በመንዝ በግ ጀርባ ላይ ይሸልታል፣ በአዋላጂቱ እጅ እትብት ይቆርጣል፣ ከልብስ ሰፊው ዘንድ ደግሞ ይቀድዳል፤ ለበዓል የገዛውን ጨርቅ አስረክቦ «ነገ ይቀደድልሃል» ሲባል አመስግኖ የሚወጣ ሰው የሚገኘውም እዚያ ብቻ ነው። እንግሊዞች አንዱን መቀስ ምን ጊዜም በብዙ ቁጥር ይጠሩታል፤ እኛ ግን አንቱታን ለሰው እንጂ ለብረት አልለመድንም።

በነካ እጃችን አንድ የቆየ ሐሜት እናንሣ። የሶምሶንን ጠጉር መቀስ ቆረጠው የሚሉ አሉ፤ መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 16 የሚያነሣው ምላጭን ነው። ያጠፋው ዘመዱ ነው።

የመቀስ ነገድ ስድስት ነው፦ የሰፊ፣ የጠጉር፣ የሐኪም፣ የቆርቆሮ፣ የጥፍርና የሪባን። አምስቱ ሥራ ስለሚሠሩ ስለ እነርሱ ማተት አያስፈልግም።

የሪባን መቀስ ከወንድሞቹ የሚለየው በማዕርጉ ነው። እነርሱ ከመሳቢያ መሳቢያ ሲንከራተቱ፣ እርሱ የሐበሻ ቀሚስ በለበሰች ልጅ እጅ፣ በሰሐን ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎለት፣ እንደ ሙሽራ በአጀብ ይመጣል። በዘመኑ ሁሉ የሚቆርጠው አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ሲሆን፣ በዚያች ጨርቅ መቆረጥ ግን ድልድይ ይከፈታል፣ ጤና ጣቢያ ይመረቃል፣ አንዳንዴም ውሃው ገና ያልደረሰለት ቧንቧ ይባረካል። የሚገዛው በዋዜማው ምሽት ነው፤ የሚመረጠውም በእጀታው ወርቅማ ቀለም እንጂ በስለቱ አይደለም። ሪባኑም ሐር መሳይና ልል ስለ ሆነ፣ በሁለቱ ስለቶች መካከል ሲገባ ከመቆረጥ ይልቅ መታጠፍን ይመርጣል። የዕለቱ የክብር እንግዳ በመጀመሪያው ሙከራ ፈገግ እንዳሉ ናቸው፤ በሁለተኛው ፈገግታው ከአፋቸው ሳይወርድ ከዓይናቸው ይወርዳል፤ በሦስተኛው፣ ጭብጨባው አስቀድሞ ስለ ተጀመረና ማቋረጡ ነውር ስለሚሆን፣ ሕዝቡ መዳፉ እስኪቀላ ያጨበጭባል። ፎቶግራፍ አንሺው በዚህ መካከል «ይድገሙልኝ» ይላል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ያልሆነውን።

ይህ ጸሓፊ በአንድ ትምህርት ቤት የመጸዳጃ ቤት ምረቃ ላይ ቆሞ አይቷል። ባለሥልጣኑ በአራተኛው ሙከራ መቀሱን ገልብጠው እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ይጎትቱት ጀመር፤ ሰሐን የያዘችው ልጅ ወደ ሰማይ ታይ ነበር፤ አስተናጋጁ ጥርሱን ሊያውሰው የቃጣ ይመስል ወደ ሪባኑ ጎንበስ ብሏል። ያን ጊዜ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት የቆሙ አንዲት ባልቴት አላስችል ብሏቸው፣

«የኔ ጌታ፣ ቀስ! ቀስ ይበሉ እንጂ!» አሉ።

ቀስ አሉ። ተቆረጠ።