ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ኅዳር 2016 ዓ.ም.
ንፋስ መውጫ

ለክቡር መሥሪያ ቤታችሁ (ስሙን ያልጠራሁት ለክብሩ ስል ነው)፤

እኛ ላይ ጋይንቶች ብርዱን ተለማምደን አለን። ሰሞኑን ላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ ዝም ብል ውለታ ቢስ እንዳልባል ይህችን ጫርኩ።

ልጄ አራስ ስለሆነች የትምህርት ማስረጃዋን ላረጋግጥላት የመጣሁት እኔ ነበርኩ። መንገድ ተከፈተ በተባለ ማለዳ በሚኒባስ ተነስቼ፣ ጉናን ተሻግሬ፣ ደብረ ታቦር አድሬ ባሕር ዳር ገባሁ። (ፍተሻ ላይ ስንቴ እንደወረድን አልነግራችሁም፤ የእናንተ ሥራ አይደለም።) ዋናውን ከነኮፒው በክላሰር ይዤ፣ ጋቢዬን አስተካክዬ መስኮት ሦስት ቀረብኩ። ወጣቱ ባለሙያችሁ ክላሰሩን በዓይኑ እንኳ ሳይነካው፣ "አባባ፣ በወረቀት መቀበል ቆሟል፤ በኦንላይን ብቻ ነው" አለኝ። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ከተዘጋ መክረሙን በትሕትና ሳስረዳው "እስቲ ስልክዎን" አለ። በላስቲክ የታሰረችውን ኖኪያዬን አወጣሁ። ተቀብሎ ለሰልፈኛው ከፍ አድርጎ አሳየና፣ "ይቺ እኮ ቅርስ ናት! ሙዚየም ይፈልጓታል" አለ። ሰልፉ ሳቀ። ከስማዳና ከእስቴ የመጡት ሳይቀሩ ሳቁ፤ ተራቸው እስኪደርስ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ክፍል ስቆብኝ ያውቃልና እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጆሮዬ ግን ጋለ።

"ሆቴል ገብተው ሻይ ይዘዙና በዋይፋይ ይሙሉት" ተባልኩ። አዘዝኩ። አስተናጋጇ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ በራሷ ስልክ ሞላችልኝ። ሁሉን ጨርሰን የማረጋገጫ ቁጥሩ በልጄ ስልክ ተላከ። የልጄ ስልክ ያለው ንፋስ መውጫ ነው፤ የዚያን ዕለት ደግሞ የስልክ መስመሩም ጠፍቶ ነበር።

ከሰዓት ስመለስ ያው ልጅ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። "አሁን ሲስተም የለም" አለኝ። እኔ ሲስተም ሳይኖረኝ ኋላ ቀር ነኝ፤ እናንተ ሲስተም ሳይኖራችሁ እረፍት ላይ ናችሁ። ኃላፊውን ላነጋግር ብል በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ "ቅሬታ ካለዎት ይህን ኮድ በስልክዎ ስካን ያድርጉ"። በኖኪያዬ!

ሌላውን አላነሳም። "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የተባለው ስትራቴጂ በጸደቀበት በ2012 ዓ.ም.፣ በሰኔ መጨረሻ አገር ምድሩ ለሳምንታት ኢንተርኔት አልባ መሆኑን፣ ትግራይም ከጥቅምት 2013 ወዲህ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ ኢንተርኔት መክረሟን እናንተም ታውቁታላችሁ። ትልልቅ ሰዎች ይነጋገሩበት።

አንድ ነገር ብቻ፣ ድፍረት ካልሆነብኝ። ኔትወርኩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ፣ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔታችን ሲጠፋ፣ ማን አማከረኝ? አንዱ እጃችሁ ይዘጋል፣ ሌላው እጃችሁ "በኦንላይን ብቻ" ብሎ ይለጥፋል፤ የሚሳቅብኝ ግን እኔ ነኝ! ወረቀት መቀበል ምን ያቅታል? ማኅተሙ ከልጁ ክርን አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መምታት ብቻ ነበር የቀረው። ነውር ነው! ሽማግሌን ጉና አሻግሮ አምጥቶ ማሳቂያ ማድረግ ነውር ነው።

ይቅርታ፤ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

እናም ስለ ሻዩ ግብዣ አመሰግናለሁ፤ ሂሳቡን የከፈልኩት እኔ ብሆንም ሐሳቡ የእናንተ ነበር። ማስረጃው እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ ክላሰሩም እኔው ዘንድ ነው። ይህን ደብዳቤ ለማውቀው ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። መዝገብ ቤታችሁ በወረቀት አልቀበልም ካለው፣ መስኮት ሦስት ፊት ቆሞ ለሰልፈኛው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ተስማምተናል። ረዳት ሆኖ ተሳፋሪ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው፤ ድምፁ አይታማም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር