የሌለ ነገር በኪሎ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 የተሠራው ፖርሽ 918 ስፓይደር በአሜሪካ መነሻ ዋጋው 845 ሺህ ዶላር ነበር። ክብደቱ 1,675 ኪሎ ገደማ ነው። ዋጋውን ለክብደቱ ብናካፍለው ኪሎው 505 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ይወደዳል፤ ቢሆንም ገዢው በገንዘቡ የሚጨበጥ ነገር አግኝቷል። ሞተር አለ፣ ባትሪ አለ፣ መቀመጫ አለ። ለተራ ሚሊየነር ይህ ይበቃል። ጠለቅ ብሎ ለሚያስብ ሚሊየነር ደግሞ ፋብሪካው ቫይሳኽ የሚባል ተጨማሪ ጥቅል አዘጋጅቶ ነበር፤ ዋጋው 84 ሺህ ዶላር። ይህን የከፈለ ሰው የሚረከበው 41 ኪሎ ጉድለት ነው። ቸርኬው በማግኒዚየም ይተካል፣ የአካሉ ክፍል እዚህም እዚያም በካርቦን ፋይበር ይለወጣል፣ ከመኪናው ላይ የጠፋው እያንዳንዱ ኪሎም 2,049 ዶላር ያህል ያወጣል። ያለው ነገር በ505፣ የሌለው በ2,049። ገበያ የሚያውቅ ሰው የትኛውን እንደሚሸምት መንገር አያስፈልግም።

እንዲህ ያለውን ገዢ “ቅብጥ ነው፣ ገንዘብ የጠላው ነው” እያሉ የሚያሙት አሉ። ስላልገባቸው ነው። ሰውዬው መናኝ ነው። የዋልድባ መናኝ እህል ትቶ በቋርፍ ሲያድር ደረሰኝ የሚቆርጥለት የለም፤ ዓለምን የሚተዋት በነጻ ነው። የእኛ መናኝ ግን ሬዲዮን ለመካድ፣ ከኤር ኮንዲሽነር ለመለየት፣ ምንጣፍን እርም ለማለት ስሙን አስመዝግቦ፣ ቀብድ አስይዞ ወረፋ ይጠብቃል። ወረፋው ሲደርሰውም ፋብሪካው “ምንም የለህም” የሚል የምስክር ወረቀት በፍሬም አድርጎ ይሰጠዋል። ምናኔ እንዲህ በሰነድ ሲሆን ያምራል።

የዚህ ሥርዓት አንዱ አባት ፌራሪ ኤፍ 40 ነው። በ1987 ለዕይታ ሲቀርብ የዓለም ፈጣኑ የመንገድ መኪና ለመሆን ታስቦ ነበርና ውስጡ ሬዲዮ አልነበረም፣ ምንጣፍ አልነበረም፣ በሩንም ከውስጥ ለመክፈት የሚሳብ ገመድ እንጂ እጀታ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ገመዷ ማዕረግ አግኝታለች። ፖርሽ ጂቲ 3 አርኤስ በሚላቸው መኪኖቹ በር ላይ የጨርቅ ጥብጣብ ሰፍቶባቸዋል፤ ጋዜጠኞችም ጥብጣቧን እየሳቡ ስለ ንጽሕና ይጽፋሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በሰማያዊ ላዳ የተሳፈረ ሰው ይህ ሁሉ አዲስ አይሆንበትም። እጀታው ተነቅሎ ገመድ ታስሮበታል፤ መስታወት ላውርድ ሲሉ ሹፌሩ ለአራቱም በር የምታገለግለውን አንዲት ማዞሪያ ከዳሽቦርዱ አንስቶ ያቀብላል፤ ወለሉ ብረት ነው፤ ሬዲዮው የነበረበት ቦታ ላይ ሽቦ ተንጠልጥሏል። አንድ ስህተት ብቻ ሠርቷል ባለላዳው፦ ገንዘብ ሲያገኝ እጀታ ለማስገጠም ያስባል። የቅንጦትን መንገድ ወደ ኋላ እየሄደባት እንደሆነ የነገረው የለም።

ብቀልድም ቅልለት ራሱ ቀልድ አይደለም። ቀላል መኪና በትንሽ ሞተር ይፈተለካል፣ በትንሽ ፍሬን ይቆማል፣ ጎማውን ቶሎ አይበላም፣ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ጉልበት ያንሳል። ሞተሩ ሲያንስ ማቀዝቀዣውም የነዳጅ ታንኩም ያንሳል፤ እነዚህ ሲያንሱ ሻንሲው ራሱ ይቀልላል፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ ይወርዳል። ይህን ከማንም በላይ ያወቀው እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን ነው። በ1952 ሎተስን መሠረተ፣ በኋላም ኖርፎክ ውስጥ ሄቴል ወደሚባል አሮጌ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ተዛወረና ከዚያ የወጡት መኪኖቹ የዓለምን ውድድር አሸነፉ። በ1996 የመጣው ሎተስ ኤሊዝ የዚህ ትምህርት ምርጥ ፍሬ ነው። አሉሚኒየሙ በብየዳ ሳይሆን በሙጫ የተያያዘው ሻንሲ 68 ኪሎ፣ መኪናው በሙሉ 725 ኪሎ ይመዝን ነበር። ሞተሩ ከተራ የሮቨር መኪና የተወሰደ፣ 118 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው ነው። ያ መኪና በዚያ አቅሙ ባለ ትልቅ ሞተሮቹን በተራራ መንገድ ሲያሳፍር ኖሯል፤ ዋጋውም መምህርና ሐኪም የሚያልመው እንጂ ቤት የሚያሸጥ አልነበረም። እኔ በዚህ መኪና ላይ ክፉ ቃል የለኝም።

ቻፕማን ግን ማቅለልን የት ጋ እንደሚያቆም አያውቅም ነበር። በ1969 ባርሴሎና ላይ የሁለቱም ሎተሶች የኋላ ክንፍ በሩጫ መሐል ተሰብሮ ሁለቱም ሲጋጩ፣ ከአደጋው የተረፈው ኦስትሪያዊ ሹፌር ዮኸን ሪንት ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈ። ልመናው ባጭሩ ይህ ነበር፦ መኪኖችህ ፈጣን ናቸው፣ ጥቂት ክብደት ጨምረህ ደካማ ክፍሎቻቸውን ብታጠነክር እንኳ ማሸነፋቸው አይቀርም። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ሪንት ሞንዛ ውስጥ በሎተስ መኪና ልምምድ ላይ ሳለ ሞተ። እስከዚያ ቀን የሰበሰበው ነጥብ ማንም ስላልደረሰበት የዓመቱ የፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከሞት በኋላ ዘውዱን የተቀበለ እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። ያኔ ኪሎው የተቆረጠው ለማሸነፍ ነበር፤ ዋጋውም ከባድ ነበር። የዛሬው መናኝ ኪሎውን የሚያስቆርጠው ጋራዥ ውስጥ ለሚቆም መኪና ነው።

ወደ ምናኔው እንመለስ። እዚህ ላይ አንድ ከሃዲ አለ፤ ስሙ ጎርደን መሬይ ይባላል፣ ደርባን የተወለደው መሐንዲስ ነው። ቲ 50 የተባለው መኪናው 997 ኪሎ ነው። ከዚህ ክብደት ጋር ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር፣ ሦስት መቀመጫ፣ የዕቃ መጫኛ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ኤር ኮንዲሽነር አለው! ሰውዬው ክብደቱን ያወረደው እያንዳንዱን ብሎን ሳይቀር እየመዘነ ከመነሻው ነው እንጂ የተጠናቀቀ መኪና ላይ ሬዲዮ እየነቀለ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ለንግዱ አደገኛ ነው። ለጉድለት 84 ሺህ ዶላር ከፍሎ 1,634 ኪሎ የሚመዝን መኪና የገዛ ሰው፣ ኤር ኮንዲሽነር ያለው መኪና ከአንድ ቶን በታች ሊሆን እንደሚችል ቢሰማ ምን ይሰማዋል? ደግነቱ ቲ 50 የተሠራው 100 ብቻ ነው፣ ዋጋውም ያለ ቀረጥ 2.36 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ ወሬው ብዙ ሰው ዘንድ አይደርስም።

በድህነት መመነን ለሚፈልግ ኬተራም አለ። ቻፕማን በ1957 ያወጣውን ሎተስ ሰቨን ከ1973 ጀምሮ መብቱን ገዝቶ እስከ ዛሬ የሚሠራ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። ከዓይነቶቹ ትንሹ 440 ኪሎ ሲሆን ሞተሩ 660 ሲሲ የማይሞላ የሱዙኪ ሞተር ነው። በድሮ ጊዜ እንግሊዞች ይህን መኪና ተበትኖ በሣጥን የገዙት፣ ተገጣጥሞ ከሚሸጥ መኪና ላይ የሚጣለውን ግብር ለማምለጥ ነበር። በ1973 ግብሩ ተለወጠና ማምለጫው ተዘጋ። ሰዎቹ ግን እስከ ዛሬ ሣጥኑን ይገዛሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ጋራዥ ውስጥ ገብተው ራሳቸው ይገጥሙታል፤ ፋብሪካው ይግጠምልኝ ያለ ተጨማሪ ይከፍላል። ቀለምም ለብቻው ዋጋ አለው። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ። ዝናብ እየመታቸው ይነዱታል።

ከኬተራም አንድ ደረጃ ከፍ ሲል ቢኤሲ ሞኖ ይመጣል፤ ሊቨርፑል ይሠራል፤ ጣሪያ የለውም፣ በር የለውም፣ መቀመጫውም አንድ ብቻ ነው። የዚህን ብልሃት አበሻ ከማንም በላይ ይረዳዋል። ባለመኪና መሆን ማለት አክስትን ለቅሶ ቤት ማድረስ፣ የጎረቤትን ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ የማኅበርተኛን ድስት ከኋላ መጫን ማለት ነው። ሞኖን የገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ ነጻ ወጥቷል፤ “ባይሆን እግረ መንገድህን” የሚለው ቃል በሕይወቱ ተደምስሷል። መቀመጫው ደግሞ በባለቤቱ አካል ልክ ነው የሚቀረጸው። እዚህ ላይ ነው ምናኔው እውነተኛ የሚሆነው፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጡን አብዝቶ ቢጎርስ መኪናው አይቀበለውም። ሁዳዴን ለሚጾም ሰው ከዚህ የተሻለ ማስፈራሪያ አላውቅም። ምናልባት ከተሽከርካሪው ላይ ኪሎ በ2,049 ዶላር ከማስቀነስ በፊት ከሹፌሩ ላይ በሽሮ መሞከር ይቻል ነበር፤ ግን ሽሮ ቁጥር የተቀረጸበት ሰሌዳ የለውም።

ሰሌዳው ነው ትልቁ ነገር። ቅልለቱ የሚሸጠው ከቁጥር ማነስ ጋር ተጣምሮ ነው። በ2016 ፖርሽ 911 አር የተባለውን 1,370 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሲያወጣ 991 ብቻ እንደሚሠራ ተናገረ። የኋላ መቀመጫ የለውም፣ ማርሹ በእጅ ነው፣ ዋጋው በአሜሪካ 184,900 ዶላር። ብዙም ሳይቆይ ከሚሊዮን ዶላር በላይ የተጠየቀባቸው ነበሩ፤ መኪና የማይነዱ ሰዎች ሁሉ ስለ ፍሪሲዮን ፍቅር ይሰብኩ ጀመር። በ2017 ፋብሪካው ያልታሰበ ክፋት ሠራ። ያንኑ 500 የፈረስ ጉልበት፣ ያንኑ የእጅ ማርሽ፣ ክንፍም የሌለውን ጂቲ 3 ቱሪንግ በ143,600 ዶላር አወጣ፤ ቁጥሩንም አልገደበም። ልዩነቱ 43 ኪሎ ነው። የ911 አር ዋጋ ወዲያው ወረደ፤ እነዚያ ሰባኪዎችም ሌላ ሃይማኖት ፈለጉ።

መኪናው ሲቀልል ባለቤቱ ይነዳዋል ብሎ የሚያስብ የዋህ ካለ፣ የአሜሪካ ሕግ ይረዳዋል። ለአሜሪካ መንገድ ያልተሠሩ ብርቅ መኪኖችን ለማሳየት ብቻ ለማስገባት በሚፈቅደው ደንብ መሠረት በዓመት መንዳት የሚቻለው 2,500 ማይል ነው። ይህንኑም ብዙ ነው የሚሉ አሉ። በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ በጨረታ የተሸጠ አንድ ማክላረን ኤፍ 1 በሃያ ስድስት ዓመት ዕድሜው 390 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዶ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ጅማ እንኳ ደርሶ አልተመለሰም። ዋጋው 20.465 ሚሊዮን ዶላር። ያንኑ ዓይነት መኪና የነበረው ሚስተር ቢን፣ ማለት ሮዋን አትኪንሰን፣ ደግሞ ነዳው፣ ሁለት ጊዜ ገጨው፣ ሁለተኛው ጥገና መድን ሰጪውን 910 ሺህ ፓውንድ ገደማ አስወጣ፣ ከዚያ በኋላም ነዳው፤ በ2015 በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ኮሜዲያኑ ከሁሉም ቁም ነገረኛ ሆኖ መገኘቱ የኔ ጥፋት አይደለም።

ሎተስስ? ሎተስ ደህና ነው። ከ2017 ጀምሮ አብላጫው ድርሻ የቻይናው ጂሊ ነው፣ የኤሊዝ ምርት በ2021 ቆሟል፣ ዛሬ ዉሃን ከተማ ኤሌትሬ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ይሠራል። ክብደቱ 2.5 ቶን ገደማ ነው። ሦስት ኤሊዝ ሚዛን ላይ ብንደራርብ እንኳ አይስተካከለውም፤ አራት ጎልማሶች ላያቸው ላይ መውጣት አለባቸው። ሕዝቡ እሱን ይገዛል፤ ለማሞገስ ሲሆን ግን ስለ ኤሊዝ ያወራል።

የዚህ ሁሉ ጫፍ ማክላረን ኤልቫ ነው። በኅዳር 2019 ሲቀርብ ጣሪያ አልነበረውም፣ የጎን መስታወት አልነበረውም፣ የፊት መስታወትም አልነበረውም፤ ዋጋው 1.425 ሚሊዮን ፓውንድ። ነፋሱ ፊት እንዳይገርፍ ከአፍንጫው ላይ አየሩን ወደ ላይ የሚወረውር ውስብስብ ሥርዓት ተሠራለት፤ መስታወት የሚሠራውን ሥራ ያለ መስታወት የሚሠራ ማለት ነው። 399 ይሠራል ተባለ። ቀጥሎ 249 ብቻ እንደሚሠራ ተነገረ፣ ቀጥሎ 149፤ ይህም ለደንበኞች ብርቅነት ሲባል የተደረገ ውለታ ነው ተባለ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኩባንያው የዚሁን መኪና አማራጭ ዓይነት አሳየ፦ የፊት መስታወት ያለው። መጥረጊያ አለው፣ ውሃ መርጫ አለው፣ ያ ነፋስ ወርዋሪ ሥርዓትም አያስፈልገውም ተብሎ ወጥቶለታል። በዚህ ፍጥነት ከሄዱ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣሪያ ላይ ይደርሳሉ ብዬ እጠብቃለሁ።