ወሬኛ እጅ

እኔ እጄን አስረው «አውራ» ቢሉኝ ዲዳ ነኝ። የፋሲካ በግ ገዛሁ ስል እንኳ የላቱን ስፋት በእጄ ካላሳየሁ የሚያምነኝ ያለ አይመስለኝም። ይህ ጠባዬ በስተርጅና ከድሮን ጋር ያጣላኛል ብሎ ማን ጠረጠረ!

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ሮቦት ያጠናል። «ጋሼ፣ ይምጡና ድሮን በእጅ ምልክት ሲታዘዝ ይዩ» አለኝ፤ ሄድኩ። ነገሩ እንኳ አዲስ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣችው ስፓርክ የተባለች የዲጄአይ ኩባንያ ድሮን፣ 300 ግራም የምትመዝነው፣ ከመዳፍ ላይ ተነሥታ የእጅ ምልክት ትከተል ነበር። የልጁ ግን መንጋ ነው። እያንዳንዳቸው 27 ግራም ናቸው፤ መዳፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። ዙሪያውን መረብ ተወጥሯል። ከጣሪያው ሥር ያሉት ካሜራዎች ድሮኖቹን ይከታተላሉ፤ አንዱ ካሜራ ደግሞ የሰው እጅ ላይ ብቻ ያፈጣል። ኮምፒውተሩ ከእጅ ላይ 21 ነጥቦች ለቅሞ የትኛው ጣት እንደታጠፈ፣ የትኛው እንደተዘረጋ ያውቃል።

እያንዳንዱን ድሮን ማዘዝ የለም፤ የሚታዘዘው መንጋው ነው። አትጋጩ፣ ከጎረቤታችሁ እኩል ሂዱ፣ ከመንጋው አትራቁ፤ አለቀ። እነዚህን ሦስት ሕጎች ክሬግ ሬይኖልድስ የተባለ አሜሪካዊ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው በኮምፒውተር ላይ ወፎችን ለማብረር ነበር።

ልጁ ሲጨብጥ ተሰበሰቡ፤ ጣቶቹን ሲበትን ተራራቁ፤ እጁን ከፍ ሲያደርግ ወጡ። «እስቲ እርስዎም ይሞክሩት» አለኝ። ካሜራው ፊት እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት።

«የት ጠፍተህ ነው?»

በቀኝ እጄ ስልኩን ይዤ በግራዬ አስረዳት ጀመር። «ሽቅብ ይወጣሉ ስልሽ!» ወጡ። «ኧረ ብዙ ናቸው!» ተበተኑ። «አሁን በዚህ ይሳቃል?» ብዬ እጄን ወደ ጎን ስወረውር ሁለቱ ሄደው መረቡ ላይ ተጠለፉ፤ ክንፋቸው እዚያው ይንዘረዘራል።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያውርዱ!»

አወረድኩ። የቀሩትም አብረው ወረዱ፤ አንዷ ጫማዬ ላይ።

ልጁ ከት ብሎ ሳቀና ችግሩ የቆየ መሆኑን ነገረኝ። ሮበርት ጄከብ የተባለ ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. በዓይን ስለሚታዘዝ ኮምፒውተር ሲጽፍ፣ የነካው ሁሉ ወርቅ እየሆነበት በተቸገረው በንጉሥ ሚዳስ ስም ጠርቶታል። ማሽኑ እጅን ማንበቡስ ያነባል፤ የሚቸግረው እጁ እሱን እያናገረው መሆን አለመሆኑን መለየቱ ነው። እኔ እንደሆንኩ እያናገርኩ የነበረው ሚስቴን ነው።

ሻይ ቤት አጨብጭበን አሳላፊውን ከጠራን በኋላ ነው የምናዝዘው፤ ጭንቅላቱን ላከከ ሁሉ ማኪያቶ አይመጣለትም። ድሮንም እንዲሁ መጀመሪያ የሚጠራበት፣ በወሬ መሐል ከቶ የማይሠራ ምልክት ያስፈልገዋል። እናንት ይህን የምትሠሩ ልጆች፣ ፈጠራችሁን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ወሬኛ ሽማግሌ ስልክ አስይዛችሁ ፈትኑት።