ቡና ሲቀላ የሚመጣ ጥሪ

ጅማ አቅራቢያ ባለው ወረዳችን በደዶ ቡና መቅላት የሚጀምረው በጥቅምት ነው፤ ለቀማው እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። የአዲስ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ጥሪም ባለፉት ጥቂት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ የወጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ከተማ ያለ ሰው የሁለቱን መገጣጠም ላያስተውለው ይችላል። እኛ ግን በየዓመቱ እንከፍልበታለን፤ ሰልችቶናል።

ገበሬው ቀይ እሸቱን ለቅሞ አልጋ ላይ ካሰጣው ሦስት ሳምንት ገደማ ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ ሲደርቅ ጀንፈል ይሆናል። ጀንፈል ይቀመጣል። ዋጋው እስኪሻል ታግሶ የሚሸጥ አባወራ ዓመቱን በተሻለ ገንዘብ ይገፋል። እሸት ግን አያሳድርም፤ በተለቀመበት ዕለት ለሰብሳቢ ወይም ለማጠቢያ ጣቢያ ይሰጣል፣ የሚከፈለውም የዕለቱ ዋጋ ነው። እንግዲህ ልጁ ጥሪ ደረሰው፤ ምዝገባው ከሳምንት በኋላ ነው። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ሻንጣ፣ መጓጓዣ፣ የኪስ ገንዘብ፣ ሁሉም በዚያች ሳምንት መሟላት አለበት። አባት ምን ያድርግ? ሊያደርቀው ያሰበውን እሸት ይሸጣል፤ ካልበቃው ገና ዛፉ ላይ ላለው ቡና ከነጋዴ ቀብድ ይወስዳል። ቀብድ የበላ ሰው ደግሞ በዋጋ አይከራከርም። በለቀማው ያግዝ የነበረው ልጅም በዚያው ሳምንት ስለሚሄድ በምትኩ የቀን ሠራተኛ ይቀጠራል። በደጋው በኩል ያሉትም አልተረፉም። ድንቹን ወይም ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሲብስም በጉን በወረዳው ከተማ በሸኪ ገበያ ያወጣሉ፤ ገዢው የልጁን መሄድ ስለሚያውቅ ዋጋውን ቆርጦ ይጠብቃቸዋል።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በዚያ ሰሞን ከመማሪያ ክፍል በር እስከ ቤቴ ድረስ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ ወጣ?» ምደባው ከትምህርት ሚኒስቴር በድረ ገጽና በቴሌግራም ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ጥሪ በየራሱ ገጽ ይለጥፋል። ኔትወርክ የማያገኝ የገጠር ልጅ ይህን ሁሉ መከታተል አለበት። ምደባው ከታወቀ በኋላ እንኳ «የመግቢያ ቀን ወደፊት ይገለጻል» የሚል ጽሑፍ ይወጣና ሳምንታት ያልፋሉ፤ ከዚያ ድንገት አንድ ማታ ጥሪው ይለጠፋል። በመሀል ደግሞ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ገጾች የሐሰት ቀን ይጽፋሉ፤ ተማሪው ወደ እኔ ይሮጣል፤ እኔም ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ፍለጋ እገባለሁ። እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት የእኛ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

ከዚህም የሚብሰው የተነገረው ቀን መቀየሩ ነው። የአንዲት ተማሪዬ አባት ልጃቸውን ይዘው ከሸኪ ጅማ፣ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ መናኸሪያ አጠገብ አልጋ ይዘው አደሩ፤ በማግሥቱ ሌላ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከግቢው በር ሲደርሱ ጥበቃው «ምዝገባው ተራዝሟል» አላቸው። ማስታወቂያው የወጣው እነሱ መንገድ ላይ እያሉ ነበር። አባትየው ደውለው ያሉኝ ይህን ነው፤ «መምህር፣ ልመልሳት ወይስ እዚህ ልጣላት?» ምን ልመልስላቸው? እስከ ምዝገባው ቀን አልጋ ተከራይተው ቆዩ፤ ለልጅቱ መቆያ ይሆናል ብለው የያዙት ገንዘብ ለፔንሲዮን ተከፈለ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ በሌሎችም ሲደርስ ሰምቻለሁ።

በእርግጥ ካሌንደሩ እንዲህ የተዛባው በአንድ ቀን አይደለም። ኮሮና በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶችንና ዩኒቨርሲቲዎችን ካዘጋ በኋላ የ2012 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በየካቲት መጨረሻ 2013 ነበር። የ2014ቱም በጥቅምት 2015 ነው የተሰጠው። በዚያ መሀል ጦርነት ነበር። ይህን ሁሉ እንረዳለን። ፈተናው ግን ከ2015 ጀምሮ ወደ ሐምሌ አካባቢ መጥቷል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ አንድ የመግቢያ ቀን ቆርጦ ለመናገር አይበቃም ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፤ ሁሉም ዋናውና ኮፒው። ጉርድ ፎቶ 3 በ4። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥርም አለ። ወረቀት መጠየቁ ተገቢ ነው። የሚያደክመው ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ መሟላቱ ነው። መብራት ከሌለ ፎቶ ቤቱም ኮፒ ቤቱም አይሠራም፤ ልጁ ለሁለት ገጽ ኮፒ ጅማ ይወርዳል። በሰርተፍኬቱ ላይ የአባት ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ከተገኘ ደግሞ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መመላለስ ይጀመራል። በኦሮምኛ «Q» ተብሎ የተጻፈው ሌላ ቦታ «K» ሆኖ ስንቱን ልጅ እንዳንከራተተ እኔ አውቃለሁ። ይህ ስሕተት ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ሊታረም ይችል ነበር፤ የሚታየው ግን መሄጃው ሲደርስ ነው። በዚህ እኛ መምህራንም ድርሻ አለን።

ከዚያ የዕቃው ነገር አለ። ጥሪው ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ልብስ ይላል፤ በዚያ ያበቃል። ዶርም ገብቶ የኖረ ሁሉ የሚያውቀውን ግን አይናገርም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ጀሪካንና ባልዲ ከአንሶላ ይቀድማሉ። ሎከሩ ጓጉንቸር ከሌለው የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ስልክ ይጠፋል። ነጠላ ጫማ ያስፈልጋል። አሮጌ ፍራሽ ውስጥ ትኋን ሊኖር ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግረው የለም። ልጁ ደርሶ ሲያይ ከግቢው በር ላይ ካሉት ሱቆች ይገዛል፤ እነሱም የአዲስ ገቢ ሰሞንን ዋጋ ያውቁበታል። ሴት ልጅ ከሆነች ሞዴስም አለ። ለእርሱ የሚሆን ገንዘብ አባቷን መጠየቅ ታፍራለች፤ እናት ከቅቤ ወይም ከእንቁላል ሽያጭ ደብቃ ትሰጣታለች። በየትኛውም የጥሪ ዝርዝር ላይ ይህ ተጽፎ አላየሁም።

አየሩንም የሚነግር የለም። የደዶ ደጋ ልጅ ብርድ ያውቃል፤ ስለዚህ እናቱ ያላትን ሁሉ ሸጣ ከባዱን ብርድ ልብስ ትገዛለታለች። የተመደበው ግን ሰመራ ነው፤ እዚያ ሲደርስ የሚያስፈልገው ስስ አንሶላ ሆኖ ያገኘዋል። ብርድ ልብሱ ዓመቱን ሙሉ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ ያንን ወጪ ያስቀር ነበር።

ጅማ ከሸኪ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1992 ተዋህደው የመሠረቱት ጅማ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው። ልጆቻችን ግን ጅግጅጋም ባሕር ዳርም ሊመደቡ ይችላሉ። ይህን አልቃወምም። የአንድ ወረዳ ልጅ ከሌላ አገር ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተኝቶ መማሩ ከትምህርቱ እኩል የሚጠቅም ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሩቅ የሚመደበው ልጅ የሚያስፈልገው ቀንና ገንዘብ ቅርብ ከሚመደበው ይበልጣል፤ ለሁለቱም የሚሰጠው ጊዜ ግን ያው ነው። መንገዱ በየጊዜው በሚዘጋበት ዘመን ደግሞ ይህ የደኅንነት ጉዳይም ጭምር ነው። ሴት ልጁን በሳምንት ውስጥ ወዳላየው አገር እንዲልክ የተጠየቀ አባት «ትቅር» ቢል ጨካኝ ነው ለማለት ይከብደኛል። ጊዜ ቢኖረው ቀድሞ የሄደ ተማሪ ወይም አገሩን የሚያውቅ ዘመድ ፈልጎ ያገናኛት ነበር።

አንዳንድ ሰው «መንግሥት በነፃ እያበላና እያስተኛ ምን ያማርራችኋል?» ይለናል። በነፃ አይደለም። በደንብ ቁጥር 91/1995 በተጀመረው ሥርዓት ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም የተወሰነውን ድርሻ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። የምግቡ በጀት ራሱ ለዓመታት እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ ለአንድ ተማሪ በቀን 22 ብር የነበረው በ2017 ነው ወደ 100 ብር ከፍ ያለው። ከዛሬ የገበያ ዋጋ ጋር ለሦስት ጊዜ ምግብ 100 ብር ምን እንደሚሆን እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። ስለዚህ እናቶች በሶና ጭኮ ይቋጥራሉ። ልጁ ተበድሮ የሚማር ሰው ነው፤ አልጋውም ምሳውም በዕዳው ላይ ይጻፋል። ተበዳሪ ደግሞ መቼ እንደሚገባና ምን እንደሚጠብቀው በወቅቱ ሊነገረው ይገባል።

እነዚህ ልጆች ጥቂት መሆናቸውም አይዘንጋ። ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እያደሩ በተፈተኑበት በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አንድ ወይም ሁለት ልጅ ሲያልፍ መንደሩ በሙሉ ይደሰታል፤ የሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ዕድል ያገኙትም ተስፋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ያለፈው ልጅ ለፈተናው ሲሄድ ፍራሽ ላይ ያደረበትን ግቢ ያስታውሳል፤ ለዚያም ጊዜ ቤተሰቡ ብርድ ልብስ ገዝቶለታል፣ ስንቅ ቋጥሮለታል። ሁለተኛው ዝግጅት ከመጀመሪያው ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ነው የሚመጣው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ምደባው ሲወጣ የመግቢያው ቀን አብሮ ይውጣ፤ ቢያንስ አንድ ወር ይሰጠን፤ ቤተሰቡ ቡናውን አድርቆ በደህና ዋጋ ይሸጥ። ዝርዝሩ ጀሪካኑንም ጓጉንቸሩንም የአካባቢውን አየርም ይናገር። ጥሪው በቴሌግራም ብቻ ሳይሆን በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በሬዲዮ በኩልም ይድረስ። ወላጆችም ልጃችሁ ገና ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል እያለ በሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አስነብባችሁ እዩት፤ ስሕተት ካለ ያኔውኑ አሳርሙት። በየሬጅስትራሩ የምትሠሩ ደግሞ፣ ቀን መቀየር የግድ ከሆነባችሁ ተማሪ ከቤቱ ሳይነሳ ተናገሩ። ቀድሞ የተነሳውን፣ ከነሻንጣው በራችሁ ላይ የቆመውን ልጅ ግን አትመልሱት፤ አንድ አልጋ ስጡትና ምዝገባው እስኪደርስ ግቢው ውስጥ ይደር።