በቆየ ላፕቶፕ ቪዲዮ እንዳይሄድ የማድረግ ሙያ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የኖረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች አልቀበልም ባይ ነው። መገናኛ ላይ «ከዱባይ የመጣ፣ ንጹሕ ዩዝድ» ተብሎ የተሸጠልዎት ላፕቶፕ 4ኛ ጄኔሬሽን በመሆኑ የእህትዎ ልጅ ሊኑክስ ሚንት ጫነበት። ሁሉም ነገር ፈጠነ። ቪዲዮ ሲከፍቱ ግን ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፣ ምስሉ እየተንገዳገደ ይከተላል፣ ፋኑም ከቦሌ ሊነሳ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን ያጓራል። ችግሩን የሚፈታ ሰው አይጠፋም፤ ለዓመታት ተንከባክቦ ማቆየት ግን ሙያ ይጠይቃል። ሙያውን እነሆ።

ሲጀመር ጥፋቱን ኔትወርክ ላይ ይለጥፉ። ሲም ይቀይሩ፣ ራውተሩን ከሳሎን ወደ መስኮት ያዛውሩ፣ ከፍ ያለ ፓኬጅ ይግዙ። የእህትዎ ልጅ «እሺ፣ ፍላሽ ላይ ያለው የሠርግ ቪዲዮስ ለምን ይቆራረጣል?» ብሎ ሊሞግትዎ ቢነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ ይበሉ። ፍላሽ ከቴሌም ከሳፋሪኮምም ጋር ጉዳይ እንደሌለው ያመኑ ዕለት ይህ ምክር አበቃለት።

ፓኬጁ ካልፈየደ ራም ያስጨምሩ። ከ8 ወደ 16 ሲያድግ ሰውም ያከብርዎታል። ቪዲዮው እንደ ድሮው ይንቀረፈፋል፤ ባለሱቁ ግን ደስ ይለዋል፣ የሰው ደስታ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ቪዲዮውን ማን እየፈታው እንደሆነ አይጠይቁ። ቪዲዮ ተጨምቆ፣ ታጭቆ ነው የሚቀመጠው፤ እንዲታይ መፈታት አለበት። የግራፊክስ ቺፑ ውስጥ ለዚሁ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ። እሱ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ያርፋል፣ ሥራ ሲፈታ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ችግሩ፣ ቺፑ የሚያውቀው በተሠራበት ዘመን የነበረውን የአጨማመቅ ዘዴ ብቻ መሆኑ ነው። የእርስዎ 4ኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል ኤች 264ን አሳምሮ ይፈታል። ቪፒ9ን ሙሉ በሙሉ በሃርድዌር መፍታት የመጣው በ7ኛው ነው፣ ኤቪ1 ደግሞ በ11ኛው። ዩቲዩብ አዘውትሮ የሚልከው እነዚህን ሁለቱን አዳዲሶቹን ነው። ብሮውዘሩ ላይ ኤች 264 ብቻ እንዲላክለት የሚጠይቅ ትንሽ ኤክስቴንሽን አለ፣ ስሙም ኤች264ፋይ ይባላል፤ ስሙን እንዳልሰሙ ይሁኑ። ይልቅ ስክሪንዎ 1366 በ768 ቢሆንም ጥራቱን 2160 ላይ ይስቀሉት። ስክሪኑ ልዩነቱን አያሳይም፤ ፓኬጅዎ ግን ሲያልቅ በደንብ ያሳይዎታል።

ሠርግ ያለበት ቤት ከሆኑ ደግሞ ቪዲዮ አንሺውን «በፎር ኬ፣ በኤች 265 አድርገህ ስጠኝ» ብለው አደራ ይበሉት። ያቺ 4ኛ ጄኔሬሽን ኤች 265ን በሃርድዌር መፍታት አትችልም። ሙሽራዋ ከመኪና እስክትወርድ ቡና ተፈልቶ አቦል ይጠጣል።

አሁን ወደ ረቀቀው ጥበብ እንግባ። ልጁ ሊኑክስ ሲጭን ስክሪኑ ጠቁሮበት እንደሆነ ማስነሻው ላይ «ኖሞድሴት» የምትል ቃል ጽፎ ይሆናል። ቃሏ ለመጫኛ ሰዓት ጊዜያዊ መላ ናት፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ ሥራ እንዳይጀምር ትከለክለዋለች። ተጭኖ ካለቀ በኋላ ግን አያስወግዷት። እሷ እስካለች ድረስ መስኮቱም፣ ጥላውም፣ ቪዲዮውም በፕሮሰሰር ብቻ ይሳላል። የሲስተሙን መረጃ ከፍተው የግራፊክስ ስሙ ቦታ ላይ ከኢንቴል ይልቅ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ተጽፎ ካዩ ሥራዎ ሰምሯል ማለት ነው፤ ካርዱ አለ፣ ማንም አያነጋግረውም። ከዚህ ምክር ውስጥ አንዱን ብቻ ተግባራዊ ማድረግ የሚችሉ ሰው ይህን ይምረጡ፤ ውጤቱ አስተማማኝ ነው።

ቤትዎ ያለው ኤንቪዲያ ካርድ ያለው የቆየ ዴስክቶፕ ከሆነስ? እድለኛ ነዎት። የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ቆሞ ለዚህ ኩባንያ የመሃል ጣቱን ያሳየው በከንቱ አልነበረም። ጂፎርስ 8፣ 9 እና 200 የሚባሉት ካርዶች የቀሩት 340 በተባለው ድራይቨር ላይ ነው፤ ድጋፉም በ2019 እ.ኤ.አ. ማለቂያ ቆሟል። 400 እና 500ዎቹም በ390 ቀርተው በ2022 እ.ኤ.አ. ተከተሏቸው። ሚንት ላይ «ድራይቨር ማኔጀር» የሚባል፣ ለካርዱ የሚስማማውን ፈልጎ የሚያቀርብ ነገር አለ። እሱን አይክፈቱ። ከኩባንያው ድረ ገጽ አዲሱን ፋይል አውርደው በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ይጫኑት፤ የካርዱ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩ አያሳስብዎት። እንደ አጋጣሚ ቢሠራ እንኳ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል በታደሰ ማግስት ጥቁር ስክሪን ይጠብቅዎታል። ያኔ ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ ትእዛዝ ሳያነቡ ገልብጠው ይለጥፉ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉትን አይስሙ፤ ቅናት ነው።

አቧራውን ደግሞ አይንኩት። ሰሚት፣ አያት ወይም ጎሮ የሚኖሩ ከሆነ የግንባታው ፀጋ በየቀኑ በመስኮት ይገባል። የላፕቶፑን የአየር ቀዳዳ እስኪደፍን ይታገሱ፣ ማታም ጋቢ ላይ ያስቀምጡት። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቪዲዮውን የመፍታት ሥራ እሱ ላይ ተጥሎ ሳለ ይህ ሲጨመርበት ይታይዎት።

ሁሉም ካልሆነ ፎርማት ያስደርጉት። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ አዲስ አበባ ውስጥ «ፎርማት ይደረግ» ሲባል ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የልጆቹ ፎቶ አብሮ ይጠፋል፣ ቪዲዮው እንደተንገዳገደ ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች ሌላ መንገድ ያሳዩዎት ይሆናል። ተርሚናል ላይ «ቪኤኢንፎ» ብለው ጽፈው ካርዱ የትኛውን ዘዴ መፍታት እንደሚችል ዝርዝሩን ያያሉ። ዝርዝሩ ካልመጣ የሚጎድለውን የቪዲዮ ድራይቨር ይጭናሉ፤ ለ4ኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል «አይ965» የሚባለው ነው። በኤች 264 የተሰጣቸውን የሠርግ ቪዲዮ ኤምፒቪ በተባለው ማጫወቻ ከፍተው «አይ» የምትለዋን ቁልፍ ሲጫኑ ስንት ፍሬም እንደተጣለ ይጻፍላቸዋል። ኤምፒቪ ሳይነግሩት ግራፊክስ ቺፑን ስለማያሠራ «ኮንትሮል» እና «ኤች»ን አንድ ላይ ይጫናሉ፤ ፋኑም ዝም ይላል። ይህ ሁሉ ቡና ፈልቶ እስኪቀዳ ያልቃል፣ አምስት ሳንቲም አያስወጣም፣ ማንንም ለመውቀስ አያመችም። ስለዚህ በእኛ በኩል ፈጽሞ አይመከርም።