በፈር የሌለው ፈር ይለቃል

«አሴምብሊ እኮ በራሱ ፈጣን ነው፤ በፈር ምን ያደርግልኛል?» አለላችሁ። ሰማችሁት? አሴምብሊስ ፈጣን ነው። አንተን ማን ያፍጥንህ?

ጋሼ ፈጣን ፋይል የሚያነበው እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ «አንብብ» ለማለት አርኤኤክስን ዜሮ ያደርጋል፣ «አንዲት ባይት» ለማለት አርዲኤክስን አንድ ያደርጋል፣ «ሲስኮል!» ብሎ ከርነሉን ይጠራል። አንዲት ባይት ይቀበላል። ደግሞ «ሲስኮል!» ደግሞ አንዲት። አዋቂ ነኝ ባይ፣ ያውም ባይት በባይት! ወንድሜ፣ ከርነል ነው እንጂ ኮሎኔል አይደለም፤ በየእርምጃው ሰላምታ ምን አመጣው?

ለ1 ሜጋባይት ፋይል 1,048,576 ጊዜ ይጣራል፤ ማለቁን የምታረዳው የመጨረሻዋ ጥሪ ሳትቆጠር። 4096 ባይት በአንዴ ተቀብሎ የሚያቆይ ቋት፣ ማለትም በፈር ያለው ሰው በ256 ይገላገላል። እያንዳንዷ ጥሪ ከፕሮግራምህ ወጥታ፣ ከርነል ገብታ መመለስ አለባት። አንድ ኩንታል ጤፍ ፍሬ በፍሬ ወፍጮ ቤት እያመላለስክ «እግሬ ፈጣን ነው» ትለናለህ!

ያነበባቸውን ባይቶች የሚቆጥርበትን ቆጣሪስ የት አኖረው? አርሲኤክስ ውስጥ! ሲስኮል በተባለ ቁጥር ፕሮሰሰሩ የመመለሻውን አድራሻ የሚጽፈው እዚያው ላይ ነው። ቆጣሪ ፈልጎ አድራሻ አገኘ፤ ይሂድበታ!

«እሺ፣ በፈር አበጀሁ» አለ ደግሞ። እሰይ! ከፓይፕ 4096 ጠየቀ፣ 700 መጣለት፣ 4096 አነበበ። 3396ቱን ከየት አመጣኸው? ካለፈው ሙሌት ያደረ ነዋ! ስንት እንደመጣ አርኤኤክስ ቁልጭ አድርጎ ነግሮህ ነበር። ዜሮ ካለህ አልቋል፤ ከዜሮ ከወረደ ስህተት አለ። አንተ እንኳ ከዜሮ አትወርድም፣ እዚያው ነህ።

«ኮዱን ያወሳስበዋል» ያልከውስ የቱን ነው? የቆምክበትን ከመጣልህ ልክ ጋር አስተያይ። ካልደረስክ ባይቷን አንስተህ አንድ እለፍ። ከደረስክ ሙላ። በቃ! እንደ ጉራህ ቢረዝም እኮ ባልፈረድኩብህ።

ይባስ ብሎ የአማርኛ ፋይል ይዞ መጣ። «በፈሩ ፊደሌን በላ!» በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ሁለት ነጥቧም እንደዚያው። 4096 ደግሞ ለ3 አይካፈልም። ፋይሉ በነዚህ ብቻ ከተሞላ 1365 ገብተው የቀጣዩ ፊደል አንድ ባይት ትተርፋለች። የ«ሀ» ራስ እዚህ፣ እግሯ በሚቀጥለው ሙሌት። እሱ ሆዬ ራሷን ብቻ አሳትሞ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ሀን ቆርጦ ሀ ብሎ ሊጀምር!

ትራፊዋን ወደ በፈሩ መጀመሪያ ሳብና ከኋላዋ በቀረው ቦታ ልክ ሙላ። አንዲት ባይት ናት። ከከበደችህ ሰው ጥራ፣ እናሸክምሃለን።