«አባ፣ ይህን እንዳይጽፉት»

ለንስሐ የሚመጣ ሰው ከትንሹ ይጀምራል። ጾም ገደፍኩ፣ ጎረቤት አማሁ ይላል። ዋናውን ነገር መስቀል ተሳልሞ ሊሄድ ሲል፣ ነጠላውን እያስተካከለ ጣል ያደርገዋል። የሰው ኑዛዜ ስሰማ የኖርኩ ቄስ ነኝና እኔም በዚሁ ደንብ ልሂድ።

ትንሹ ኃጢአቴ ስብከት ማርዘሜ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ የጠፋውን ልጅ ታሪክ በ22 ቁጥር ጨርሶታል። እኔ ስሰብከው ግን ሉቃስ ያልጠቀሳት እናት ብቅ ትላለች፤ እንባዋም ምጣዱ ላይ ይንጠባጠባል። ጎረቤቶች ያማሉ። አንድ ጊዜማ የሰባው ፍሪዳ ምን እያሰበ እንደነበር መተንተን ጀምሬ፣ ልጁ ገና ከእሪያዎቹ ዘንድ ሳይነሣ ሰዓቱ አለቀ። ቤት ገብቼ «ጌታም እኮ ያስተማረው በምሳሌ ነው» ብዬ ተሟገትኩ። ባለቤቴ ወጡን እያማሰለች፣ «አዎ፤ እርሱ ግን ያሳጥር ነበር» አለችኝ።

ቀጣዩ ከበድ ይላል። ስለ ምጽዋት ስሰብክ አንዲት መበለት ፈጠርኩ። የሚያፈስ ጣራ፣ የሚያስል የልጅ ልጅ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የቀረ የሟች ባሏን ኮት ሰጠኋት። ኮቱን በተለይ ወድጄው ነበር። ሕዝቡ አለቀሰ፤ እኔም በልቤ «ኮቱ ሠራ» አልኩ። ሲያበቃ አንዲት አሮጊት ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ፈትተው፣ «አባቴ፣ ለዚያች ምስኪን ያድርሱልኝ» አሉ። አፈርኩና «እማማ፣ ሴትዮዋ እኮ የለችም» አልኳቸው። «ወይኔ! መቼ ዐረፈች?» ብለው እንደገና ማልቀስ ጀመሩ።

እውነቱን አስረድቼ፣ በፈቃዳቸው ብሩን ደጀ ሰላም ለተቀመጡ ነዳያን ሰጠን። ከነሱ መካከል መበለቶች ነበሩ። በየቀኑ እያለፍኳቸው፣ አንዳቸውንም ጣራዎ ያፈሳል ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ጣራ ማፍሰሱን የማውቀው በድርሰት ነበር።

ሦስተኛውን ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። አንዲት አጭር ልብ ወለዴ ታትማ ከወጣች ወዲህ የንስሐ ልጆቼ ኃጢአት ቀነሰ። ጸድቀው አይደለም፤ ፈርተውኝ ነው። የሰማሁትን ኑዛዜ ጽፌ አላውቅም፣ አልጽፍምም። ግን የትካዜ ፊት አይቼ ዝም ስል፣ የማዝን መሆኔንና ቃላት የምመርጥ መሆኔን እኔም አልለይም። ለቅሶ ቤት ሄጄ ሟቹን የሚያስታውስ አንድ ጥሩ ነገር ከተባለ፣ እጄ ሳላዝዘው ወደ ኪሴ ይገባል፤ እርሳስ አለበት። ሐዘንተኛው ግን መሐረብ የማወጣለት ይመስለዋል። አሁን አሁን ገና ሰላም ሳልላቸው «አባ፣ ይህን እንዳይጽፉት» የሚሉኝ በዝተዋል።

እንግዲህ መስቀል ልሳለምና ዋናውን ልናገር። ነገሩ የጀመረው ጎጃም፣ ቅኔ ቤት ነው። ቁራሽ ለምኜ፣ ከውሻ ጋር ታግዬ፣ ጫካ ገብቼ የቆጠርኳትን ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ለየኔታ ስነግር፣ ጥቂት ዝም አሉና «ይበል» አሉ። ከዚያ ወዲህ የምኖረው ለዚያች ቃል ነው። ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ስደርስ ረኀቡ ብሶብኝ ነበር፤ የእንጀራው አይደለም።

የቅኔ ደንብ ለትዕቢተኛ አይመችም። ቅኔ ለበዓሉ አዲስ ሆኖ ይቆጠራል፣ አንዴ ይባላል፣ አይደገምም። መምህራኑ ሌሊቱን የደከሙበትን ለእግዚአብሔር ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በየቀኑ የምንደግመውን የብዙውን መልክእ ደራሲም ማን እንደሆነ አናውቅም። እኔ ግን ከማኅሌት ስወጣ ያልኩትን ሁሉ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፤ ለትውልድ ይቅር ብዬ። ትውልድ ግን አልጠየቀኝም።

ጽናጽሉና ከበሮው ሲሰማ ሌላው ይጸልያል፤ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ። አንድ ሌሊት አጠገቤ የቆመው ካህን ከእኔ የሚበልጥ ቅኔ ዘረፈ። ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉ የእኔ «ይበል» ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ምስጋናው የቀረበው እኔም ለማመልከው አምላክ ነበር፤ ቅር ያለኝ በሌላ አፍ መቅረቡ ነው። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሙን ለእግዚአብሔር እየሰጠሁ ወርቁን ለራሴ ሳስቀር ኖሬያለሁ።

ይህን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ስሄድ መከላከያም አዘጋጅቼ ነበር። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ተነሥተው ቲያትር ደርሰዋል አልኩ። ሐዲስ ዓለማየሁ በቤተ ክህነት ትምህርት አልፈው በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳትመዋል፤ በዛብህ ራሱ የቅኔ ተማሪ አይደለም ወይ አልኩ። ጨርሰው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ መቼ ጻፍክ አልኩህ? ጸልየሃል ወይ ነው ያልኩህ» አሉ።

ቀኖናዬ አጭር ነው፦ በመጪው በዓል ቅኔ አቅርብ፤ አትጻፈው፤ ለማንም አትድገመው። ፈጸምኩ። «ይበል» ተብሏል፤ ይህን መናገር አልተከለከልኩም። እርሳሱን ባለቤቴ ደብቃልኛለች፤ ቅኔውም ከአእምሮዬ እየሸሸ ነው። ስለ ኑዛዜዬ መጻፍን ግን ቀኖናው በግልጽ አላነሣም። የንስሐ አባቴን እንዳልጠይቅ ያደረገኝም ይኸው ነው፤ ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ።